ፍሬም ሪሌይና ባክአፑ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ፍሬም ሪሌይ፣ ማለትም የመስሪያ ቤት ቅርንጫፎች በአገልግሎት ሰጪ መረብ በኩል ስለሚገናኙበት የቆየ ዘዴ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "ይሄ ነገር አልሞተም እንዴ?" ብሎ ይስቃል። ሌላው አይስቅም። ፊቱ አሮጌ ራውተር ተቀምጧል፤ ኮንፊጉን (የራውተሩን ቅንብር) የጻፈው ሰው ስራ ከለቀቀ ዓመታት አልፈዋል፤ መስመሩ ትናንት ማታ ወድቋል፤ ባክአፑ፣ ማለትም ተተኪው መስመር፣ ደግሞ አልተነሳም። ይህን የጻፍኩት በዋናነት ለሁለተኛው ነው።

ምሳሌዎቹ የሲስኮ ራውተር ላይ ናቸው። ትዕዛዞቹን በአፍ እንደሚጠሩት በፊደላችን አስፍሬያቸዋለሁ። ራውተሩ ላይ ስትተይቡ ግን ያው በእንግሊዝኛ ነው።

ፍሬም ሪሌይ አሁንም አለ እንዴ?

አለ ለማለት ያህል አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲስኮ፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት፣ ኖርዘርን ቴሌኮምና ስትራታኮም ተሰባስበው ኤልኤምአይ የሚባለውን ማሟያ፣ ራውተሩና የአገልግሎት ሰጪው ስዊች ስለ መስመሩ ሁኔታ የሚነጋገሩበትን፣ አወጡለት። በዓመቱ የፍሬም ሪሌይ ፎረም ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ብዙ ሱቅ ያለው ነጋዴም ቅርንጫፎቹን በዚህ ያገናኝ ነበር። ኋላ ኤምፒኤልኤስ የሚባለው የአገልግሎት ሰጪ መረብና በኢንተርኔት ላይ የሚሰራ ቪፒኤን ቦታውን ወሰዱበት። ሲስኮም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሲኤንኤ የሚባለውን የኔትወርክ ባለሙያዎች ፈተና ሲያድስ ፍሬም ሪሌይን ከውስጡ አስወጣው።

ታዲያ ለምን እጽፍበታለሁ? ባክአፕ ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ በሱ ስለሆነ ነው። መስመሩ ሞቶ ራውተሩ "ደህና ነኝ" የሚልበት ችግር ፍሬም ሪሌይ ላይ ፊት ለፊት ይታያል። ፋይበር ላይም ያው ችግር አለ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከሊዝድ ላይን በምን ይለያል?

ሊዝድ ላይን ከዚህ ቢሮ እዚያ ቢሮ ድረስ ለእናንተ ብቻ የተዘረጋ መስመር ነው። አስር ቅርንጫፍ ካላችሁ ዋናው መስሪያ ቤት አስር መስመርና አስር ሲሪያል ፖርት ያስፈልገዋል። በፍሬም ሪሌይ ግን ዋናው መስሪያ ቤት በአንድ መስመር ወደ አገልግሎት ሰጪው ስዊች ይገባል። በዚያ በአንዱ መስመር ውስጥ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ፒቪሲ ይከፈትለታል። ፒቪሲ ሽቦ አይደለም፤ በስዊቾቹ ሰንጠረዥ ላይ የተጻፈ ቋሚ መንገድ ነው። የሚከፈለውም በፒቪሲ ስለሆነ ብዙ ሰው ሁሉንም ቅርንጫፍ ከዋናው ጋር ብቻ ያገናኛል። አስር ቢሮ እርስ በርሱ ሁሉ ይገናኝ ቢባል 45 ፒቪሲ ይጠይቃል። ሂሳቡ አያዋጣም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የእናንተ ሽቦ የሚያልቀው አገልግሎት ሰጪው ስዊች ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን በዓይናችሁ አታዩትም። የባክአፕ ጣጣ ሁሉ የሚወለደው እዚህ ጋ ነው።

የኔ ዲኤልሲአይ 102፣ የቅርንጫፉ 201 ነው። ስህተት ነው?

አይደለም። መገናኛ ላይ ወያላው "ፒያሳ! ፒያሳ!" ይላል። ያው ታክሲ ፒያሳ ሲደርስ "መገናኛ! መገናኛ!" ይላል። መንገዱ አንድ ነው፤ ስሙ ግን እንደቆማችሁበት ይለያያል። ዲኤልሲአይም እንደዚያው ነው። ስለ ፒቪሲው እናንተ ከስዊቹ ጋር የምትግባቡበት ቁጥር እንጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ አድራሻ አይደለም። ቅርንጫፉም ከራሱ ስዊች ጋር ሌላ ቁጥር ይኖረዋል። ሁለቱ ቢመሳሰሉም ችግር የለም፤ ባይመሳሰሉም ችግር የለም።

ቁጥሩ አስር ቢት ስለሆነ ከ0 እስከ 1023 ይሄዳል። ለደንበኛ የሚሰጠው ግን ከ16 ጀምሮ ያለው ነው። ጫፍና ጫፍ ያሉት ለቁጥጥር የተያዙ ናቸው፤ ለምሳሌ የሲስኮው ኤልኤምአይ በ1023፣ የአንሲው (የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም) ደግሞ በ0 ይሄዳል።

ራውተሩን ከመንካቴ በፊት አገልግሎት ሰጪውን ምን ልጠይቅ?

የሁለቱንም ጫፍ ዲኤልሲአይ፣ የኤልኤምአይ ዓይነት፣ የፖርቱን ፍጥነትና ሲአይአር የሚባለውን፣ ማለትም ዋስትና የተገባላችሁን ፍጥነት። ከዚያ የማዶው ራውተር ሲስኮ መሆን አለመሆኑን ከራሳችሁ ሰዎች አጣሩ። ካልሆነ ሁለቱም ጫፍ አይኢቲኤፍ በሚባለው ኢንካፕሱሌሽን፣ ማለትም የዳታ አስተሻሸግ፣ መዋቀር አለበት። ሲስኮ ሳይነገረው የሚጠቀመው የራሱን ነው፤ ሌላው ራውተር ያንን አያውቀውም። ይህን የረሳ ሰው ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ። ፒቪሲው አክቲቭ ነው፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ፒንጉ፣ ማለትም መድረሱን የሚፈትነው የሙከራ መልእክት፣ ግን አያልፍም። ግማሽ ቀን ይበላል።

መሰረታዊው ኮንፊግ ምን ይመስላል?

አጭር ነው፦

ኢንተርፌስ ሲሪያል 0/0
ኖ አይፒ አድረስ
ኢንካፕሱሌሽን ፍሬም-ሪሌይ
ፍሬም-ሪሌይ ኤልኤምአይ-ታይፕ አንሲ
ኖ ሻትዳውን

ኢንተርፌስ ሲሪያል 0/0.102 ፖይንት-ቱ-ፖይንት
ባንድዊድዝ 64
አይፒ አድረስ 10.1.12.1 255.255.255.252
ፍሬም-ሪሌይ ኢንተርፌስ-ዲኤልሲአይ 102

ዋናው ኢንተርፌስ (የራውተሩ መስመር መሰኪያ) አይፒ የለውም፤ ተሸካሚ ብቻ ነው። አድራሻውም ዲኤልሲአይውም የሚቀመጡት ሰብኢንተርፌሱ፣ ማለትም በዋናው ስር የተከፈለው ንዑስ ኢንተርፌስ፣ ላይ ነው። የሰብኢንተርፌሱን ቁጥር ከዲኤልሲአይው ጋር ማመሳሰል ግዴታ አይደለም። ግን አመሳስሉት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስልክ ሲቀሰቅሷችሁ ታመሰግኑኛላችሁ።

የኤልኤምአይ ዓይነቱን ባትጽፉትም አዳዲሶቹ ሶፍትዌሮች፣ ከ11.2 ወዲህ ያሉት፣ ራሳቸው ሞክረው ያገኙታል። እኔ ግን እጽፈዋለሁ። ባንድዊድዟም ፍጥነት አትጨምርም፣ አትቀንስም። የራውቲንግ ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም ራውተሮች ስለ መንገድ የሚነጋገሩበት ደንብ፣ መንገድ ሲመርጥ የሚያሰላባት ቁጥር ናት። ካልጻፋችኋት 1544 ኪሎቢት ነው ብሎ ያስባል፤ የ64ቱን ቀጭን መስመር እንደ ሰፊ አስፋልት ይቆጥረዋል።

ፖይንት ቱ ፖይንት ወይስ መልቲፖይንት?

ባክአፕ የምታስቡ ከሆነ ፖይንት ቱ ፖይንት፣ ማለትም ለአንድ ፒቪሲ አንድ ሰብኢንተርፌስ። ምክንያቱን ከታች በሰፊው አወራለሁ።

መልቲፖይንት ብዙ ቅርንጫፍ በአንድ ሳብኔት (የአድራሻ ክልል) ያስቀምጣል፤ አድራሻ ይቆጥባል። ከዚያ በኋላ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ኢንቨርስ አርፕ (የማዶውን አይፒ በራሱ የሚጠይቀው) ያላገኘውን በእጃችሁ ማፕ ማድረግ፣ ማለትም የትኛው አይፒ በየትኛው ዲኤልሲአይ እንደሚሄድ መጻፍ፣ አለባችሁ። ማፑ መጨረሻ ላይ "ብሮድካስት" የምትለዋን ቃል ከረሳችሁ የራውቲንግ ፕሮቶኮሉ ሰላምታ አያልፍም። ኢአይጂአርፒ በሚባለው ራውቲንግ ፕሮቶኮል ላይ ስፕሊት ሆራይዘን የሚባለው ደንብ አንዱ ቅርንጫፍ የላከውን መንገድ ለሌላው ቅርንጫፍ እንዳይነገር ያግዳል፤ እሱንም ማጥፋት ይኖርባችኋል። ሌላም የሚያስቅ ነገር አለው፦ ራውተሩ የራሱን አይፒ ፒንግ ማድረግ ያቅተዋል፤ ለራሱም ማፕ ካልተጻፈለት ራሱን አያውቅም።

መልቲፖይንት አድርጋችሁ ከጀመራችሁ በኋላ ሃሳባችሁን ብትቀይሩ ሰብኢንተርፌሱን አጥፍታችሁ በዚያው ቁጥር ፖይንት ቱ ፖይንት ልትከፍቱ ስትሉ ራውተሩ እምቢ ይላል። ዓይነቱን ለመቀየር ሪሎድ (ራውተሩን እንደገና ማስነሳት) ይፈልጋል። ሪሎድ ማድረግ ካልቻላችሁ ሌላ ቁጥር ስጡትና ሂዱ።

"ሲሪያል ኢዝ አፕ፣ ላይን ፕሮቶኮል ኢዝ ዳውን" ይላል። ምን ልመልከት?

ገመዱ ደህና ነው፤ ንግግሩ ግን የለም። ራውተራችሁ በየ10 ሴኮንዱ ለስዊቹ "አለህ?" ይለዋል። ከአራት ጥያቄ ሦስቱ ካልተመለሰ ፕሮቶኮሉ ይወድቃል።

"ዲበግ ፍሬም-ሪሌይ ኤልኤምአይ" በሉና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ማይሴክ የሚለው ቁጥር የእናንተ ነው፤ ዩርሲን የሚለው ከስዊቹ የደረሳችሁ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ሁለቱም በየዙሩ አንድ አንድ ከጨመሩ ንግግሩ አለ። ማይሴክ እየጨመረ ዩርሲን ባለበት ከቆመ እየጮሃችሁ ነው፣ ሰሚ የለም። ያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የኤልኤምአይ ዓይነት አልገጠመም ማለት ነው። ላብ (የሙከራ ክፍል) ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከስዊቹ በኩል ክሎክ ሬት፣ የመስመሩን ፍጥነት የሚወስነው ትዕዛዝ፣ ተረስቷል።

ፒቪሲው "ኢንአክቲቭ" ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ "ዴሊትድ"። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ዴሊትድ፦ ስዊቹ ያንን ዲኤልሲአይ አያውቀውም። ወይ እናንተ ቁጥር ተሳስታችኋል፣ ወይ አገልግሎት ሰጪው አልከፈተውም። ኢንአክቲቭ፦ የእናንተ በኩል ደህና ነው፣ ማዶ ያለው ጫፍ ግን የለም። አገልግሎት ሰጪው ጋ ከመደወላችሁ በፊት ቅርንጫፉ ደውሉ። ስንት ጊዜ ነው ጽዳት ሰራተኛዋ ሶኬቱን ነቅላ መጥረጊያዋን የሰካችበት።

"ባክአፕ ኢንተርፌስ" አዋቅሬያለሁ። መስመሩ ሞተ፤ ባክአፑ ግን አልተነሳም። ለምን?

በጣም የምጠየቀው ይህን ነው። ስለዚህ ትንሽ ቁጭ ብለን እናውራ።

"ባክአፕ ኢንተርፌስ" የሚሰራው እንዲህ ነው። ዋናው ኢንተርፌስ ላይ ተተኪውን ትጽፋላችሁ። ተተኪው ስታንድባይ ሆኖ ይተኛል። ዋናው ኢንተርፌስ ዳውን ሲል ይነሳል። ሌላ ምንም አያይም። ፒንግ አይሞክርም፣ የራውቲንግ ሰንጠረዥ አያነብም። የሚያየው ያንን አንድ ቃል ብቻ ነው፦ አፕ ወይስ ዳውን።

አሁን አሜሪካ ውስጥ ስሰራ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ቅርንጫፉ በፍሬም ሪሌይ ይሰራል፣ ባክአፑ አይኤስዲኤን፣ ማለትም ሲያስፈልግ የሚደወልበት ዲጂታል የስልክ መስመር፣ ነው። ያዋቀርነው ቀን ኬብሉን ነቀልን። ባክአፑ በጥቂት ሴኮንድ ተነሳ። አለቃችን ቆሞ አየ፤ ተደሰተ፤ ምሳ ጋበዘን። ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ቅርንጫፉ ከዋናው መስሪያ ቤት ተቆረጠ። ገብቼ አየሁ፦

ሲሪያል 0/0 ኢዝ አፕ፣ ላይን ፕሮቶኮል ኢዝ አፕ።

ቀጥዬ "ሾው ፍሬም-ሪሌይ ፒቪሲ" አልኩ፦

ዲኤልሲአይ 102፣ ፒቪሲ ስታተስ ኢንአክቲቭ።

ባክአፑን አየሁት። ስታንድባይ። ሰላማዊ እንቅልፍ ላይ ነው።

የሆነው ግልጽ ነው። "ባክአፕ ኢንተርፌስ" የምትለዋን መስመር የጻፍናት ሲሪያል 0/0 ላይ ነበር፤ ዋናው ተሸካሚ ላይ። እሱ ደግሞ የሚነጋገረው ከቅርቡ ስዊች ጋር ነው። ስዊቹ አልሞተም። በየ10 ሴኮንዱ "አለህ?" ይለዋል፣ "አለሁ" ይለዋል። የጎረቤቱ ዘበኛ ሰላም አለኝ ብላችሁ አክስታችሁ ቤት አለች ብላችሁ አትደመድሙም። ራውተራችን ግን የደመደመው እንደዚያ ነው። ኬብል ነቅለን የሞከርነውም ይህንኑ ሸፈነብን፤ ኬብል ሲነቀል ተሸካሚውም አብሮ ይወድቃላ! እኛ የፈተንነው በጭራሽ የማይከሰተውን ነው። ቢሮ ውስጥ ገብቶ ኬብል የሚነቅል ማን አለ?

ማስተካከያው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። መስመሯን ከሲሪያል 0/0 አንስተን ሲሪያል 0/0.102 ላይ ጻፍናት። ፖይንት ቱ ፖይንት ሰብኢንተርፌስ ከአንድ ፒቪሲ ጋር የታሰረ ነው። ፒቪሲው ኢንአክቲቭ ወይም ዴሊትድ ሲል ሰብኢንተርፌሱም ዳውን ይላል፤ ባክአፑም ይነሳል። መልቲፖይንት ሰብኢንተርፌስ ግን ዳውን የሚለው በስሩ ያሉት ፒቪሲዎች ሁሉ ሲሞቱ ነው። ከአምስቱ አራቱ ሞተው አንዱ በሕይወት ካለ እሱም አፕ ነው። ፖይንት ቱ ፖይንት ያልኩት ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የአይኤስዲኤኑን መሰኪያ፣ ቢአርአይ ኢንተርፌሱን፣ ራሱን ባክአፕ ካደረጋችሁት ስታንድባይ እስካለ ድረስ ለሌላ ጥሪ አትጠቀሙበትም። ዳያለር ኢንተርፌስ (ጥሪውን የሚያደርግ ምናባዊ ኢንተርፌስ) ፍጠሩና እሱን ባክአፕ አድርጉት፤ ቢአርአዩ ነፃ ይሆናል።

ፒቪሲው "አክቲቭ" እያለ ዳታው ባያልፍስ?

ይሄም አለ፤ ይህኛው ይብሳል። በመንገዱ ላይ ሁለት አገልግሎት ሰጪዎች ካሉና የሁኔታ መረጃ በመሃላቸው በትክክል ካልተላለፈ፣ የማዶው ስዊች የሚያውቀውን የእናንተ ስዊች ላያውቅ ይችላል። ሰብኢንተርፌሱ አፕ ነው፤ ፓኬቱ ግን መሃል ላይ ይጠፋል።

መድኃኒቱ ከስዊቹ ጋር ሳይሆን ከማዶው ራውተር ጋር መነጋገር ነው። ሲስኮ ላይ "ፍሬም-ሪሌይ ኢንድ-ቱ-ኢንድ ኪፕአላይቭ" የሚባል አለ። በማፕ-ክላስ (ለፒቪሲ የሚታሰር የቅንብር ጥቅል) ውስጥ "ሞድ ባይዳይሬክሽናል" ብላችሁ ትጽፉና ማፕ-ክላሱን ከዲኤልሲአይው ጋር ታስራላችሁ፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ። ከዚያ ሁለቱ ራውተሮች ራሳቸው ይጠያየቃሉ። መልስ ከጠፋ ሰብኢንተርፌሱ ይወድቃል። አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ ጽፋችሁ ሌላውን ከረሳችሁ ግን ደህናውን መስመር ራሳችሁ ትጥሉታላችሁ። በሌሊት አትሞክሩት።

"ባክአፕ ዲሌይ" ስንት ልበለው?

ሁለት ቁጥር ነው የሚቀበለው። የመጀመሪያው ዋናው ከወደቀ በኋላ ስንት ሴኮንድ ጠብቆ ባክአፑ ይነሳ፤ ሁለተኛው ዋናው ከተመለሰ በኋላ ስንት ሴኮንድ ጠብቆ ባክአፑ ይተኛ። ካልጻፋችሁት ሁለቱም ዜሮ ናቸው።

እኔ 5 እና 60 እላለሁ። የሁለተኛው ቁጥር ማነስ ነው ሰውን የሚጎዳው። የታመመ መስመር ሲመለስ አንዴ አይመለስም፤ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ባክአፑም አብሮ ከተነሳና ከተኛ ተጠቃሚው ከሁለቱም አያገኝም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መዘግየት አለ። ሙሉ የፒቪሲ ሁኔታ የሚጠየቀው በስድስተኛው ዙር ነው፤ በየ60 ሴኮንዱ ማለት ነው። ስዊቹ በራሱ ፈጥኖ ካልነገራችሁ የማዶውን ሞት እስክትሰሙ አንድ ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። ለአለቃችሁ "ወዲያው ይቀየራል" ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ባክአፕ ኢንተርፌስ፣ ፍሎቲንግ ስታቲክ፣ ዳያለር ዎች፤ የትኛው ይሻላል?

ባክአፕ ኢንተርፌስ የሚያየው ኢንተርፌሱን ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የሚያዩት የራውቲንግ ሰንጠረዡን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የኢአይጂአርፒ ሰላምታ ማዶ ራውተር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ፖይንት ቱ ፖይንት ላይ 15 ሴኮንድ ከጠፋ ጎረቤቱ ሞቷል ይባላል፤ መንገዱ ከሰንጠረዡ ይሰረዛል። ኢንተርፌሱ አፕ ቢል ዳውን ቢል ግድ የለውም። ኦኤስፒኤፍ በሚባለው ሌላው ራውቲንግ ፕሮቶኮል ላይ ደግሞ 40 ሴኮንድ ነው።

ፍሎቲንግ ስታቲክ ማለት የቅድሚያ ቁጥሩን (ያነሰው ይመረጣል) ከፍ አድርጋችሁ በእጅ የጻፋችሁት ስታቲክ መንገድ ነው። ኢአይጂአርፒ 90፣ ኦኤስፒኤፍ 110 ስለሆኑ ስታቲኩን 200 ብትሉት ተደብቆ ይቀመጣል፤ ዋናው መንገድ ሲጠፋ ብቅ ይላል። ቀላል ነው፤ በየትኛውም ራውተር ይሰራል። ግን ዋናው መንገዳችሁም ስታቲክ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለሳችሁ፤ ኢንተርፌሱ አፕ እስካለ ድረስ ያ ስታቲክ ንቅንቅ አይልም።

ዳያለር ዎች የምትነግሩትን መንገድ እየጠበቀ፣ መንገዱ ሲጠፋ ሰው ትራፊክ እስኪልክ ሳይጠብቅ ይደውላል። አንድ ወጥመድ አለው፦ ዎች-ሊስቱ ላይ የምትጽፉት ኔትወርክና ማስክ ሰንጠረዡ ላይ ካለው ጋር ልክ መግጠም አለበት። ሰንጠረዡ ላይ ስላሽ 24 ሆኖ እናንተ ስላሽ 16 ብላችሁ ከጻፋችሁ የሌለ ነገር እየጠበቀ ነው።

ምረጥ ካላችሁኝ፦ ራውቲንግ ፕሮቶኮል የሚሮጥበት ቅርንጫፍ ከሆነ ፍሎቲንግ ስታቲክ። ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ባክአፑ ተነሳ፤ ግን አልዘጋም አለ። ሂሳቡ መጣ!

አይኤስዲኤን በደቂቃ የሚቆጥር ከሆነ ይህ ያስለቅሳል። ዳያለሩ 120 ሴኮንድ ጠቃሚ ትራፊክ ካላየ ስልኩን ይዘጋል። ነገር ግን የኢአይጂአርፒ ሰላምታም ጠቃሚ ነው ብላችሁ ከፈቀዳችሁለት ሰዓቱ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ዳያለር-ሊስቱ የሚያመለክተው አክሰስ-ሊስት ላይ መጀመሪያ "ዲናይ ኢአይጂአርፒ ኤኒ ኤኒ" ከዚያ "ፐርሚት አይፒ ኤኒ ኤኒ" በሉ። ይህ ፓኬቱን አያግድም፤ ስልኩን ከፍቶ እንዳያቆይ ብቻ ነው የሚያደርገው። "ሾው ዳያለር" ብትሉ ከየት ወደ የት የሚሄድ ፓኬት እንዳስደወለው ይነግራችኋል።

ዋናው መስሪያ ቤት ላይ ትራፊክ ሼፒንግ (የመላኪያ ፍጥነት ገደብ) ሳበራ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ቀርፋፋ ሆኑ። ምን አጠፋሁ?

ተሸካሚው ኢንተርፌስ ላይ "ፍሬም-ሪሌይ ትራፊክ-ሼፒንግ" ብላችሁ ማፕ-ክላስ ሳታስሩ ተዋችሁት አይደል? ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፒቪሲ ሳይጠየቅ 56 ኪሎቢት ላይ ይታሰራል። መጀመሪያ ማፕ-ክላሱን ጻፉ፣ ለእያንዳንዱ ፒቪሲ እሰሩ፣ ሼፒንጉን መጨረሻ ላይ አብሩ።

ከሲአይአር በላይ የላካችሁት አይከለከልም፤ ግን ዲኢ የሚባል ምልክት ይደረግበታል። ታክሲውን አልተውነውም፦ ትርፍ የተጫነ ተሳፋሪ ነው። መንገዱ ባዶ ከሆነ ይደርሳል። ትራፊክ ፖሊስ ፊት ለፊት ከታየ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው።

ሩቅ ያለውን ራውተር ስቀይር ራሴን ብቆልፍስ?

ሁሉም ሰው አንዴ ይቆልፋል። ሁለተኛ እንዳትቆለፉ ከመጀመራችሁ በፊት "ሪሎድ ኢን 10" በሉ። ለውጡን ሴቭ ላድርገው ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ እምቢ በሉት። ከተቆለፋችሁ ራውተሩ በአስር ደቂቃ ራሱን አጥፍቶ በድሮው ኮንፊግ ይነሳል። ከተሳካላችሁ "ሪሎድ ካንስል"፤ ከዚያ "ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ"። ካንስል ማድረጉን ረስቶ ቡና ሊጠጣ የወጣ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም፤ ይህን እየጻፈ ነው።

የኮንፊጉን ቅጂ ከራውተሩ ውጭም አስቀምጡ፤ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ። አሮጌ ራውተር ሲሞት ቀድሞ አያማክርም።

እኛ ጋ ፍሬም ሪሌይ የለም። ፋይበርና በሲም የሚሰራ ራውተር ነው ያለን። ይህ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?

አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ የምትጠይቁኝ አብዛኞቻችሁ እንደዚህ ናችሁ። ችግሩ ግን ስሙን ቀየረ እንጂ አልሄደም። የእናንተ ኢተርኔት ፖርት የተሰካው ግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ ሣጥን ነው። ሣጥኗ መብራት እስካላት ድረስ ፖርቱ አፕ ነው። ፋይበሩ ከበር ውጭ በቁፋሮ ተቆርጦም አፕ ነው። ወደ ፋይበሩ የሚያመለክተው ስታቲክ መንገዳችሁ እንደቆመ ነው፤ የሲሙ ራውተር እንደተኛ ነው።

መፍትሔው አይፒ ኤስኤልኤ ነው። ራውተሩ ሩቅ ያለ አንድ አድራሻ በየጊዜው ፒንግ ያደርጋል፤ ትራክ የሚባለው ውጤቱን ይይዛል፤ ስታቲክ መንገዱ መጨረሻ ላይ "ትራክ 1" ትጽፋላችሁ። ፒንጉ ሲጠፋ መንገዱ ይነሳል፤ 200 ያላችሁት ተተኪ ይገባል። ፍሪኩዌንሲውን ካልነካችሁት የሚሞክረው በየ60 ሴኮንዱ ነው፤ 10 አድርጉት።

ፒንግ የምታደርጉት ቅርብ ያለውን ጌትዌይ ከሆነ አሁንም ዘበኛውን ነው የጠየቃችሁት። እልፍ ያለ አድራሻ ምረጡ። ደግሞ ያ አድራሻ በባክአፑም በኩል የሚደረስ ከሆነ ይህ ይሆናል፦ ፋይበሩ ሞተ፣ መንገዱ ወደ ሲም ተቀየረ፣ ፒንጉ በሲም በኩል ሄዶ ተመለሰ፣ ራውተሩ "ፋይበሩ ዳነ" አለ፣ ወደ ሞተው ፋይበር ተመለሰ፣ ፒንጉ ጠፋ። እንዲህ እያለ ሲወዛወዝ ያድራል። ለዚያ አድራሻ ብቻ በፋይበሩ ጌትዌይ በኩል የሚሄድ የስላሽ 32 ስታቲክ መንገድ ጻፉለት፤ ይህኛው ትራክ አይደረግበትም። ከዚያ ፒንጉ ሌላ መንገድ አይኖረውም።

ባክአፑ እንደሚሰራ በምን አውቃለሁ?

ኬብሉን አትንቀሉ፤ እሱን አይተነዋል። ፍሬም ሪሌይ ከሆነ ማዶ ያለው ሰው የራሱን ሲሪያል ኢንተርፌስ ሻትዳውን ያድርግ። የእናንተ ተሸካሚ አፕ ሆኖ ይቀራል፣ ፒቪሲው ብቻ ኢንአክቲቭ ይላል። እውነተኛው ብልሽት የሚመስለው ያ ነው። ሰውየው ግን ወደ ራውተሩ በሌላ መንገድ መግባት መቻሉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ላብ ላይ ከሆናችሁ ሦስተኛ ራውተር "ፍሬም-ሪሌይ ስዊቺንግ" ብላችሁ ስዊች አድርጉትና "ፍሬም-ሪሌይ ራውት" የምትለዋን መስመር አጥፉ። ፋይበር ከሆነ ከሣጥኗ በስተጀርባ ያለውን የፋይበር ገመድ ንቀሉ፤ ከራውተሩ ወደ ሣጥኗ የሚሄደውን አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት ከአንድ የተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይ የማያቋርጥ ፒንግ ልቀቁ። ከራውተሩ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ፤ ራውተሩ ያገኘውን መንገድ ተጠቃሚው ላያገኝ ይችላል። ሰዓት ያዙ። ስንት ፒንግ ጠፋ? ባክአፑ በስንተኛው ሴኮንድ ገባ? ከዚያ መመለሱንም ፈትኑት። ብዙ ሰው መሄዱን አይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መስመሩ ሲመለስ ባክአፑ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ኮንፊግ ደግሞ በሽ ነው። በመጨረሻም የሲሙ ራውተር የተሰካው ዋናው ራውተር በተሰካበት ዩፒኤስ ላይ መሆኑን አጎንብሳችሁ እዩ። ተራ ማከፋፈያ ላይ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚጠፋው ባክአፑ ነው።